በነፊሳ ፈንታ ዋይ ያልንበት በጋ

ስለ ሌላ ሰው ሕይወት ምስክርነት የሚሰጥ ሽማግሌ፣ ከምስክርነቱ አስቀድሞ ትውስታው ምን ያህል እንደሚታመን መናገር ያለበት ይመስለኛል። ከዚህ በታች የምተርከው በአሶሳ ወጣት ሐኪም ሳለሁ የሆነውን ነው። ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ። ከፊሉን ሲስተር ጫልቱ የምትባል ነርስ እያስተረጎመችልኝ ሰምቻለሁ። ከፊሉን ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካነበብኩት ነገር ጋር ሳላውቀው አደባልቄው ሊሆን ይችላል፤ የትኛውን እንደሆነ ግን ለይቼ መናገር አልችልም። የዚያ ዘመን የሕክምና መዛግብት ዛሬ የሉም፤ ምስጥና ዝናብ ተባብረው ጨርሰዋቸዋል ይባላል። ፎቶግራፍ የሚያነሣም አልነበረም። ስለዚህ «ይመስለኛል» ባልኩ ቁጥር አንባቢ የትሕትና አነጋገር አድርጎ እንዳይወስድብኝ እለምናለሁ። የምለው በእርግጥም የሚመስለኝ ብቻ ሲሆን ነው።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ፣ ወጣት ሐኪሞችን ስለ ጅማት ቀዶ ሕክምና እንዳስተምር ወደ አሶሳ ተጋበዝኩ። ድሮ በአውቶቡስ ነቀምትን፣ ጊምቢንና መንዲን አልፈን፣ የዳቡስን ወንዝ ተሻግረን፣ ቀይ አቧራ ለብሰን የምንደርስባትን ከተማ አሁን በአውሮፕላን ቁርሴን በልቼ ተነሥቼ ለምሳ ደረስኩባት። ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም። ሣሩ ከሰው ቁመት በልጧል፤ በመናኸሪያው ደጃፍ የሚኒባስ ረዳቶች «ሸርቆሌ! ሸርቆሌ!» እያሉ ይጣራሉ። እኔ የማውቀው ከተማ ከዚህኛው ሥር የት ጋ እንደተቀበረ ስፈልግ ዋልኩ፤ ከማንጎ ዛፎቹ በቀር የለየሁት ነገር የለም። እነርሱንም ቢሆን ያኔ የነበሩት ናቸው ብዬ አልምልም።

በሁለተኛው ቀን ዶክተር ብሌን የምትባል ተመራማሪ ወደ ማረፊያዬ መጥታ አነጋገረችኝ። ሥራዋ አብረው የሚወለዱና እምብዛም የማይገጥሙ የልጆች የዘረመል ሕመሞችን መከታተል ነው። ባምባሲ አካባቢ ሕመም የማይሰማው፣ ላብም የማያልበው አንድ ልጅ አግኝታለች።

«ፕሮፌሰር፣ እርስዎም እዚህ ሲሠሩ እንዲህ ያለች ልጅ አክመው እንደነበር ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ቤተሰቡ የየት አገር ሰው ነበር? አባትና እናት ዘመዳሞች ነበሩ? ሌሎች ልጆችስ ነበሯቸው?»

አንድ አልጋ ላይ የታሰሩ ገበሬ የቀለዱትን ቀልድ ቃል በቃል አስታወስኩ። የልጅቱን ሣቅ አስታወስኩ። የመንደሯን ስም ግን ማስታወስ አልቻልኩም። ትውስታ ለሳይንስ የሚጠቅመውን ጥሎ ልብ የሚያደማውን ብቻ ይዞ እንደሚቀር ያን ዕለት ተረዳሁ። ዶክተር ብሌን በጨዋነት ብዕሯን ከድና «ግድ የለም፣ የሚያስታውሱትን ያጫውቱኝ» አለችኝ። ይህ ጽሑፍ ለእርሷ ካወራሁት የተወለደ ነው።

ወሩ ሚያዝያ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ማንጎ በየመንገዱ ዳር እየወደቀ ዝንብ ይሰበስብ ነበር። የአሶሳ በጋ ማለቂያው ላይ ይከፋል። ሰማዩ ከሣር ቃጠሎው ጭስ የተነሣ አመድ መስሎ፣ ፀሐይዋም በጭሱ ውስጥ እንደ ጋለ ሳንቲም ተንጠልጥላ፣ ቆርቆሮው ጣሪያ ከቀትር በኋላ ቀጭ ቀጭ ይላል። የምሠራባት ሐኪም ቤት አንድ ረጅም አዳራሽ ነበረች፤ ወንዱን፣ ሴቱንና ሕፃኑን የሚለያየው መጋረጃ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የሰፈራ ጣቢያዎች ከተከፈቱ ጥቂት ዓመታት ቢሆናቸው ነው። ከወሎ የመጣው ገበሬ፣ ከወለጋ የመጣው ነጋዴና አገሬው በርታ በዚያ አዳራሽ ጎን ለጎን ተኝተው አንዱ ያንዱን ስንቅ ይቀምሱ ነበር። ባምያ በማሽላ ገንፎ መብላት የተማርኩት ከሕሙማን ሳህን ነው።

ሐዋ የምትባል የበርታ ሴት ልጇን ነፊሳን አዝላ የገባችው በዚያ ሰሞን ነው። ልጅቷ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ይሆናታል። አባቷ ባበክር የንብ ቀፎ የሚሠራበት ቀርከሃ እየሰነጠቀ ሳለ፣ እርሷ በስንጣሪዎቹ መካከል ስትሮጥ የቀርከሃው ስለት የተረከዟን ጅማት ቆርጦታል። ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ጠርዙ ምላጭ ነው። የሚያስደንቀው እርሱ አልነበረም። ልጅቷ ከተቆረጠች በኋላ እስኪመሽ ድረስ ስትጫወት መዋሏ፣ ሌሎች ልጆች በደጁ አፈር ላይ ያለውን ደም አይተው «የማን ነው?» እያሉ እግራቸውን ሲፈትሹ እርሷም አብራ መፈተሿ ነበር።

ቁስሉን በውኃ ሳጥብ ነፊሳ ሣቀች።

«ምን ትላለች?» አልኳት ሲስተር ጫልቱን።

«ኮረኮረኝ ትላለች።»

ሲስተር ጫልቱ የመንዲ ሰው ናት። በዕድሜ ጥቂት ትበልጠኛለች፤ «ዶክተር» የሚለውን ማዕረግ ሳታስቀር አንተ የምትለኝ ብቸኛዋ ባልደረባዬ ነበረች። የበርታን ቋንቋ በገበያና በማዋለጃ ክፍል ተምራዋለች። ማደንዘዣውን በመርፌ ስወጋ የልጅቷን ፊት ትመለከት ነበር፤ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። የልጅቷ ፊት አልተለወጠም። የተቆረጠ ጅማት እንደተበጠሰ ላስቲክ ወደ ላይ ይሸሻልና ባትዋን ከፍቼ እየፈለግሁ ሳለ ነፊሳ በክርኗ ተደግፋ ተነሣች፤ ነጩን ነገር አይታ ጠየቀች።

«ያ የኔ ነው? ትላለች» አለች ጫልቱ። «ዶክተር፣ ይህችን ልጅ አፏን እስኪ እይ።»

አየሁ። ምላሷ በራሷ ጥርስ ተነክሶ የሻረ ጠባሳ ነበረበት። የጣቶቿ ጫፎች ደንድነዋል፤ አንዱ ከእሳት የተረፈ ይመስላል። በተማሪነቴ፣ ሕመም ሳይሰማቸው ስለሚወለዱ ልጆች አንድ ወይም ሁለት አረፍተ ነገር አንብቤ ነበር። ያ መጽሐፍ ስለ ላብ ተናግሮ እንደሆነ ኋላ አግኝቼ ላረጋግጥ ብዙ ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። እኔ የማስታውሰው ስለ ላብ የሚል አልነበረውም።

ሐዋ አማርኛን የለመደችው ማንጎና ማር በምትሸጥበት ገበያ ነበር፤ ወንድና ሴት ሳትለይ ትናገረዋለች፤ ሐሳቧ ግን ምን ጊዜም ግልጽ ነበር።

«ልጅሽ አልቅሳ ታውቃለች?» አልኳት።

«ያለቅሳል! እኔ ገበያ ሲሄድ ያለቅሳል። ወንድ ልጅ ማንጎ ሲቀማው ያለቅሳል። ለእሾህ አያለቅስም።»

«ለእሳትስ?»

«ለእሳትም አያለቅስም። ንብ ሲነድፈው ይስቃል። ወላሂ፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ጎበዝ ይለዋል።»

ይህ «ጎበዝ» የሚለው ቃል በዚያ ቤተሰብ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ባበክር ማር ሲቆርጥ ነፊሳን ይዟት ይሄዳል። ትልልቆቹ ወንዶች ልጆች ከንቡ ሲሸሹ እርሷ ከዛፉ ሥር ቆማ የማሩን እንጀራ እየተቀበለች በቅል ታኖራለች። ሌሎች እናቶች የሚያለቅስ ልጃቸውን «የባበክርን ልጅ አታይም?» እያሉ ይገሥጹባት ነበር። አንድ መንደር ባንዲት ሕፃን ይኮራ ነበር።

አሁን ስለ ጅማት አንድ ነገር ልበል። ጅማት ተሰፍቶ ሲያበቃ የሐኪሙ ሥራ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ስፌቱን የሚጠብቀው ሕመም ነው። ታካሚው እግሩን መሬት ሊያስነካ ሲል ሕመም «ተው» ይለዋል፤ ይተዋል፤ ክሩ ሳይበጠስ ጅማቱ ይያያዛል። ነፊሳ ይህ ጠባቂ የላትም። እግሯን ጣቶቿ ወደ ታች እንዳመለከቱ በጀሶ አሰርኩት፤ ለሳምንታት እንዳትረግጥበት አዘዝኩ። በማግስቱ ጧት ስመጣ ከአልጋዋ ወርዳ ጀሶውን እያንኳኳች በአዳራሹ ትመላለሳለች። ስፌቱ ከተበጠሰ ድጋሚ የሚሰፋ ነገር አይተርፍም፤ አካለ ስንኩል ሆና ትቀራለች። ለሐዋ እንዲህ ብዬ ነገርኳት። ሰማችኝና «እሺ፣ እኔ ልይዘው?» አለች። ሌት ተቀን ማን ይይዛታል?

ሐሳቡን ያመጣችው ጫልቱ ናት። «ይህች ልጅ የራሷ ዋይታ ከሌላት የእኛን እናውሳት» አለች።

እንዲህ ነው የሆነው። ነፊሳ እግሯን ከአልጋው ስታወርድ እናቷ «ዋይ!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ ደንግጣ ቆመች። ሐዋ የራሷን ተረከዝ ይዛ ፊቷን አጨማደደች፤ በቋንቋቸው የሆነ ነገር አለቻት፤ ጫልቱ «አመመሽ እኮ ነው የምትላት» አለችኝ። ነፊሳ እግሯን መልሳ አልጋው ላይ ሰቀለች። ከዚያ ደግሞ ለመሞከር ይሁን ለጨዋታ ቀስ አድርጋ አወረደችው።

«ወይኔ እግሬን!» የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ማዶ መጣ። «ወይኔ ተረከዜን! ያ ረቢ ድረስልኝ!»

ጋሽ ይመር ነበሩ። ከወሎ የመጡ ሰፋሪ ናቸው፤ ቤት ሲከድኑ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሮ፣ እግራቸው በገመድና በክብደት ተወጥሮ መተኛት ከጀመሩ ሰንብተዋል።

«ጋሽ ይመር፣ የተሰበረው ጭንዎ ነው እንጂ ተረከዝዎ መች ሆነ?» አላቸው ጎናቸው የተኛ ጎልማሳ።

«ዝም በል አንተ! ለራሴ አለቀስኩ መሰለህ? ለራሴማ አልቅሼ ማን ሰምቶኝ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ በሙሉ ጠባቂ ሆነ። ነፊሳ ጣቷን እንኳ ወደ ወለሉ ስታስጠጋ ከየአልጋው ዋይታ ይነሣል። የወለዱ ሴቶች፣ ሆዳቸው የተቀደደ ወንዶች፣ ጠያቂዎችም ሳይቀሩ ይጮሃሉ። ደጅ ያለ ሰው ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ ገብቶ ሁሉም ሲስቅ ያገኘዋል። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ በጨዋታ ወሰደችው፤ ቆይታ ግን አንድ ነገር የገባት መሰለኝ። የጋሽ ይመር ቁስል ሲታጠብ ከአልጋዋ ሆና እርሷ «ዋይ!» ማለት ጀመረች።

«ተይ ልጄ» አሏት። «የኔንስ ለኔ ተይልኝ። ያለኝ እሱ ነው።»

ባበክር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው ነበር። ማር በቅል ይዞ መጥቶ ለክፍሉ ሁሉ አቀመሰ። ክፍሉ ስለ ልጁ ሲጮህ ሰምቶ ግን ፊቱ ጠቆረ፤ ወደ እኔ መጣ።

«ሐኪም፣ ልጄ ምን ሆነ?»

የምችለውን ያህል አስረዳሁት። ሕመምን የሚያደርሰው ሥር አብሯት እንዳልተፈጠረ፣ አለማልቀሷ ከድፍረት እንዳልሆነ፣ ወደ ንቡም ወደ እሳቱም መሄድ እንደሌለባት ነገርኩት። ጫልቱ የጎደለውን በቋንቋው ሞላችልኝ። አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ ከዚያም ቀና አለ።

«አንተ እግርህ ቢቆረጥ ታለቅሳለህ?»

«አዎ፣ አለቅሳለሁ።»

«እሾህ ሲወጋህስ?»

«ዋይ እላለሁ።»

«ታዲያ በሽተኛው አንተ ነህ» አለኝ።

አዳራሹ በሣቅ አውካካ። እኔም ሣቅሁ። ባበክር ግን አልሣቀም። ልጁን ሲያያት ዓይኑ ውስጥ የነበረውን ነገር ዛሬ «ኀዘን» ብዬ እጠራው ይሆናል፤ ያኔ ግን ቁጣ መስሎኝ ነበር። ኩራቱን የወሰድኩበት እኔ ነኝ፤ በምትኩ የሰጠሁት ደግሞ ስሙን እንኳ በቅጡ የማላውቀው በሽታ ነው።

ነፊሳ የተባለውን ሁሉ ከአልጋዋ ሆና ሰምታለች። ጫልቱን ጠርታ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«ምን አለች?»

«ታዲያ እኔ ጎበዝ አይደለሁም ወይ? ትላለች።»

ብዙ የተማርኩ መስሎኝ ነበር፤ ለዚያ ጥያቄ ግን የተማርኩት ነገር አልነበረም። የመለሱላት ጋሽ ይመር ናቸው፤ በመጋረጃው ላይ አሻግረው።

«ንገሪያት ሲስተር፤ ጎበዝ ማለት እያመመው ዝም የሚል ነው፤ እሱንማ ማንም ያደርገዋል፤ እኔም አደርገዋለሁ፣ በሬም ያደርገዋል። ሳያማት ዋይ ብላ እግሯን የምታድን ግን እሷን ብቻ ነው ያየሁ። በያት!»

ተነገራት። እግሯን ሆን ብላ ወደ ወለሉ አስጠግታ፣ ከሁላችንም ቀድማ፣ አባቷን እያየች «ዋይ!» አለች። ባበክር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ወደ ትኩሳቱ ልምጣ፤ ትውስታዬን ይበልጥ የምጠራጠረው እዚህ ላይ ነው። ነፊሳ ከቀትር በኋላ ታተኩሳለች። በአሶሳ በዚያ ዘመን የሚያተኩስ ሁሉ ወባ ነው፤ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ወባ ነው፤ የሚያረጋግጥ ነገር ደግሞ አልነበረም። ደሟ ታየ፤ ወባ አልተገኘበትም። «አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም» ይባል ነበር፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነበር። ክኒኑ ተሰጣት። ሐዋ ሻሿን እያራሰች ደረቷ ላይ ታኖርላታለች። ሲመሽ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፤ «ወባው ለቀቃት» እንላለን። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ደግሞ ይመለስባታል።

ዛሬ ይህን ስጽፍ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታየኛል፤ ሁላችን በዚያ ቆርቆሮ ሥር ላባችን ሲንጠፈጠፍ የነፊሳ ግንባር እንደ ደረቅ ቅጠል ነበር። ግን ያኔ አይቼው ነበር? ወይስ ከዓመታት በኋላ፣ ሕመምን የሚያሳጣው ያው የዘረመል ጉድለት ላብንም እንደሚነሣ፣ እንዲህ ያሉ ልጆችም ብዙ ጊዜ የሚሞቱት ከቁስል ሳይሆን ከሙቀት እንደሆነ ካነበብኩ በኋላ፣ ያን ደረቅ ግንባር እኔው ሥዬው ይሆን? ዶክተር ብሌን ይህንኑ ስትጠይቀኝ «አላውቅም» አልኳት። ከዚያ የተሻለ ሐቀኛ መልስ የለኝም።

ጅማቱ ያዘ። ጀሶው ሲፈታ የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ፣ አፈሩ ሸትቶ፣ ትኩሳቷም ከሙቀቱ ጋር ጠፍቶ ነበር። ነፊሳ የጋሽ ይመርን አልጋ ይዛ ቆመች። አንድ እግሯን አነሣች፤ ክፍሉ ትንፋሹን ዋጠ። ረገጠች። ከልማድ የተነሣ አንዱ «ዋይ!» ሊል ሲል ሌላው አፉን ያዘው። ያን ዕለት ያየሁት አረማመድ በኋላ ከሠራኋቸው ብዙ የጅማት ስፌቶች ሁሉ በልጦ ዛሬም በዓይኔ ላይ ነው፤ ተረከዟ መሬት ነክቶ፣ ጣቶቿ ገፍተው፣ እንደ ማንኛውም ልጅ ሄደች። በዚያው ሳምንት ወደ ቆላው፣ ወደ ሸርቆሌ በኩል ወዳለው አገራቸው ወረዱ። ሐዋ ስትሰናበተን «እኔ አሁን ሁለት ሥራ አለኝ» አለች፤ «ማብሰልና ዋይ ማለት።»

በቀጣዩ ዓመት፣ ዝናብ ሲጀምር፣ ሐዋ ተመልሳ መጣች። ነፊሳ አብራት አልነበረችም። እኔና ጫልቱ በረንዳው ላይ ቆመን ነበር፤ ገና ከርቀት አየናት። ማንጎ ይዛልን ነበር። መጀመሪያ ማንጎውን አስቀመጠች፤ ጤንነታችንን ጠየቀች፤ ስለ ጋሽ ይመር ጠየቀች፤ ድነው ወጥተዋል አልናት። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጠችው።

የነገረችንን ባጭሩ እጽፈዋለሁ፤ በረጅሙ ልጽፈው አልችልም። ዓመቱን ሙሉ የልጅቷ እግር ደህና ነበር። ሐዋ እየተከተለች እሾህ ስታይ ዋይ ትላለች፤ እሳት ስታይ ዋይ ትላለች፤ ባበክርም ወደ ንቡ መውሰዱን ትቶ ነበር። ትልቁ ሙቀት በገባ ጊዜ ነፊሳ አተኮሳት። ወባ ነው አሉ። በወባ አገር እንደሚደረገው ሁሉ ቤት ውስጥ አስተኟት፤ ብርዱ እንዳይዛት በብርድ ልብስ ሸፈኗት፤ ክኒኗን ሰጧት። ልጅቷ አልተጨነቀችም፤ አላቃሰተችም። ሐዋ ከአጠገቧ ተቀምጣ ነበር፤ ዋይ የሚባልበት ነገር እየጠበቀች። ከቀትር በኋላ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ዝም አለች።

«ያ ሐኪም» አለችኝ። «እሾህ አያለሁ፣ ዋይ እላለሁ። እሳት አያለሁ፣ ዋይ እላለሁ። ሙቀት የት አየዋለሁ?»

ጫልቱ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የላቡን ነገር ያኔ አላውቅምና የምነግራት አልነበረኝም፤ ባወቅሁ ጊዜ ደግሞ እርሷ የት እንዳለች የማውቅበት መንገድ አልነበረም። የብርድ ልብሱን ነገር ሳታውቅ ኖራ ከሆነ፣ አለማወቋ ምሕረት ነው ወይስ በደል? ሽማግሌ ሆኜም ልወስን አልቻልኩም።

ዶክተር ብሌን ይህን ሰምታ ስታበቃ ብዕሯን መልሳ ከፈተች። የባምባሲው ልጅ እናት አሁን በቀትር እያራሰች ጥላ ውስጥ እንደምታቆየው ነገረችኝ፤ ይህን ለማወቅ የቻልነው ስማቸው ካልተጻፈ ብዙ ልጆች ነው አለች። ቀጥላም ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች። እንዲህ ያለ ሕመም በዘር ሐረግ ስለሚተላለፍ፣ የነፊሳ ወንድም ወይም እህት በሕይወት ካለ፣ ምናልባት ልጆችም ወልዶ ከሆነ፣ ከባምባሲው ልጅ ጋር ዝምድና እንዳላቸው ማወቅ ያንን ቤተሰብ ከሌላ የሙቀት ቀን ያድን ይሆናል። «ሐዋ ሌላ ልጅ ነበራት?»

ያን ጊዜ ነው ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር የነገርኳት። ሐዋ በረንዳው ላይ ስትቀመጥ ጀርባዋ ላይ ሕፃን የነበረ ይመስለኛል። ለመሄድ ስትነሣ ከጎኔ አለፈች፤ ሕፃኑ ተኝቷል፤ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ግንባሩም ላይ ላብ አቸፍችፎ ነበር። አንዷ ጠብታ በጆሮው ሥር ስትወርድ አይቻለሁ።

በዚያው ቀን ወደ ጫልቱ ደወልኩ፤ መንዲ ውስጥ ከልጅ ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ድምፄን ወዲያው ለየችው። የነፊሳን ስም ስጠራላት ሁሉን አስታወሰች፤ የረሳሁትንም ጨመረችልኝ። ስለ ሕፃኑ ስጠይቃት ግን እንዲህ አለችኝ።

«ዶክተር፣ ሐዋ ብቻዋን ነው የመጣችው። ማንጎዋን ይዛ፣ ብቻዋን። ጀርባዋ ላይ ምንም አልነበረም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወደ ውስጥ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው እንጂ ስትመጣ እኮ አብረን አይተናታል። አንተስ እርግጠኛ ነህ?»

አይደለሁም። እዚያ አገር አብዛኛው ሕፃን የሚያልበው በመሆኑ ያየሁት የሌላ እናት ልጅ፣ የሌላ ቀን ላብ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ላቡ ምን ማለት እንደሆነ ካነበብኩ በኋላ ለሐዋ የተመኘሁላት ልጅ ይሆናል። ለዶክተር ብሌን የጻፍኩላት ቃል ይህ ነው፤ «የሚያልበው ሕፃን ያየሁ ይመስለኛል፤ ከእኔ ጋር የነበረችው ምስክር አላየሁም ትላለች፤ አልተረጋገጠም።»

ዶክተር ብሌን የሐዋን ቤተሰብ ፍለጋ በማግስቱ የሸርቆሌን ሚኒባስ ተሳፍራ ወረደች። እስካሁን አልደወለችልኝም።